ጉድጓዱን ልሽሸው ወይስ ልለፍበት?

«ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ሥራ ቦታዬ ሩቅ ስለሆነ ሞተር ገዛሁ። ከገዛሁት ጥቂት ወራት ሆኖኛል። መንዳት ያስተማረኝ ጓደኛዬ ነው። በቀደም ከአንድ ከባድ መኪና ኋላ እየነዳሁ ሳለ ከሥሩ ድንገት ጉድጓድ ወጣብኝ። ልሸሸው ስል ፍሬን ያዝኩ፤ ሞተሩ ተንሸራተተ፤ መሪው ከእጄ ሊወጣ ምንም አልቀረው። የፊት ጎማዬ ጉድጓዱን በኃይል መታው፤ እንደምንም ሳልወድቅ ቆምኩ። ከኋላዬ መኪና ቢኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍርሃት ገብቶብኛል። መንገድ ላይ ዓይኔ ጉድጓድ ፍለጋ ብቻ ሆኗል። ውሃ ሳይ፣ ጠጠር ሳይ፣ ውሻ ሳይ እበረግጋለሁ። መሪውም ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ምናልባት የገዛ እጄ ይሆናል። ባለቤቴ ‹ሽጠው› ብላ ወጥራ ይዛኛለች፤ አንዳንዴ እሷንም ከኋላ አስቀምጬ ስለምሄድ አልፈርድባትም። ጉድጓድ ሲያጋጥመኝ ልሽሸው ወይስ ልለፍበት? ፍሬንስ የቱን ልያዝ? ጓደኛዬ ‹የፊቱን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል› ብሎኛል። ወይስ ይቅርብኝና ልሽጠው?

ፈሪው ሞተረኛ ነኝ»

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። የመረጥከውን ስም ግን አልወደድኩትም። እንዲህ ካለ ነገር ተርፎ ምንም ያልመሰለው ሰው ቢጽፍልኝ ነበር ይበልጥ የምጨነቀው።

ጥያቄዎችህን ከመመለሴ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍከውን ነገር ላንሳ። መሪው ይንቀጠቀጣል ብለሃል። እጅህ ላይሆን ይችላል። ጎማ በፍጥነት ጉድጓድ ሲመታ ቸርኬው ሊጣመም፣ የቸርኬው ሽቦዎች ሊላሉ፣ የመሪው ኩሽኔታ ሊጎዳ ይችላል። ሞተሩን በመሐል መቆሚያው አቁመህ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሳና በእጅህ አሽከርክረው። የቸርኬውን ጠርዝ ከአሞርዛተሩ አንጻር ተመልከት። ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ተጣሟል። ከዚያ የጎማውን ጎን ዙሪያውን በጣትህ ዳስሰው። እብጠት ካገኘህ ውስጡ ያሉት ክሮች ተበጥሰዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጎማ በማንኛውም ሰዓት ሊፈነዳ ይችላል፤ መጣል ነው ያለበት። ይህን ሳታስፈትሽ ነገ ጠዋት ሥራ እንዳትሄድበት። አንድ ቀን በታክሲ ብትሄድ ምንም አትሆንም።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንምጣ። ልሽሸው ወይስ ልለፍበት ላልከው መልሱ እንደ ርቀቱ ነው። ከሩቅ ካየኸው ጥያቄም የለውም፤ ቀስ ብለህ መስመርህን ትቀይርና ታልፈዋለህ። አፍንጫህ ሥር ሲሆን ብቻ ነው ጥያቄ የሚሆነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሞተረኛውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ድንጋጤው ነው። ፍሬን ጨምድዶ መያዝና መሪ ማዞር በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። አንተም ያደረግከው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ያለው ከዚያች ሰከንድ በፊት ነው። ምክሬም በአብዛኛው ስለዚያ ይሆናል።

ጉድጓዱ የወጣብህ ከመኪናው ሥር ነው። ከባድ መኪና ሰፊ ስለሆነ ጉድጓዱን በግራና በቀኝ ጎማው መካከል አድርጎ ያልፈዋል። ሹፌሩ ፍሬን አይዝም፣ መሪም አያዞርም። አንተ ምንም ምልክት አታገኝም። አንተ ደግሞ፣ እንደ ብዙ ጀማሪ፣ መሐል ለመሐል ተከትለኸው ነበር ብዬ እገምታለሁ። መኪናው ተሻግሮት የሄደው ጉድጓድ በቀጥታ የፊት ጎማህ ላይ ይደርሳል። ሹፌሩ በሰላም አለፈ፣ አንተ ግን ልትወድቅ ምንም አልቀረህም።

ርቀቱን ደግሞ በቁጥር እንየው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በ1 ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ትሄዳለህ። ዓይን አይቶ፣ አእምሮ ተረድቶ፣ ጣት ፍሬን እስኪይዝ 1 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ለተዘናጋ ሰው ከዚያም ይበልጣል። ከመኪናው 10 ሜትር ብቻ ርቀህ ከሆነ የምትከተለው፣ ጣትህ ፍሬኑን ከመያዙ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ነህ። በዓለም ላይ ያለ ምርጥ ሞተረኛም እዚያ ላይ ምንም ማድረግ አይችልም።

ስለዚህ ቢያንስ የ2 ሰከንድ ርቀት ጠብቅ። ከከባድ መኪና ኋላ ከሆንክ 3 ይሁን፤ በዝናብ 4። አለካኩ ቀላል ነው። ከፊትህ ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ወይም የዛፍ ጥላ ሲያልፍ ረጋ ብለህ «አንድ… ሁለት…» እያልክ ቁጠር። ሁለት ሳትል ምሰሶው ጋ ከደረስክ ቀርበሃል። «ክፍተት ስተው ሌላ መኪና ይገባበታል» ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ ይገባል። ሲገባብህ ደግመህ ወደኋላ ቅር። ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ከዚህ የተሻለ መላ ግን የለም።

ደግሞም መሐሉን ተውለት። ከመኪናው ግራ ወይም ቀኝ ጎማ መስመር ኋላ ሁን። እንዲህ ስትሆን በጎኑ አሻግረህ መንገዱን ታያለህ። የመኪናው ጎማ ሲነጥር፣ ጭነቱ ሲወዛወዝ፣ ከእሱ ፊት ያለው መኪና መስመር ሲለቅ ታያለህ። እነዚህ ሁሉ ጉድጓዱ ከመድረሱ በፊት የሚመጡ መልእክቶች ናቸው። ሹፌሩም በስፖኪዮው ያይሃል። የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላየህ እሱም አንተን አያይህም።

«ዓይኔ ጉድጓድ ፍለጋ ብቻ ሆኗል» ያልከውን ደግሜ አነበብኩት። ችግሩ እዚህም አለ። ሞተር ዓይን ወደሄደበት ይሄዳል። ጉድጓዱ ላይ ዓይንህን ተክለህ «እንዳልገባ፣ እንዳልገባ» ስትል ሰተት ብለህ ትገባለህ። ሰፊ መንገድ ላይ ያለች አንዲት ድንጋይ ላይ ሄደው የሚወጡ ሰዎች ያሉት ለዚህ ነው። ጉድጓዱን እየው፣ መኖሩን እወቅ፣ ከዚያ ዓይንህን ወዲያውኑ መሄድ ወደምትፈልግበት ወደ ጥሩው አስፋልት አዙር። መጀመሪያ ሰሞን ያስቸግራል። ዓይን የሚፈራው ነገር ላይ መቅረት ይወዳል። ግን ይለመዳል። ከጎማህ ፊት ያለችውን መሬት ሳይሆን ሩቁን ማየት ከለመድክ፣ አብዛኛው ጉድጓድ ድንገተኛ መሆኑ ይቀራል።

አሁን ግን አይቀርም እንበል። ግራህ መኪና ነው፣ ቀኝህ የመንገዱ ጠርዝ ነው፣ ጉድጓዱ ፊትህ ነው። ልትገባበት ነው። እንግዲህ በደንብ ግባበት። ፍጥነትህን ከጉድጓዱ በፊት የቻልከውን ያህል ቀንስ። ጎማው ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ ግን ፍሬኑን ልቀቀው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ፍሬን ስትይዝ የሞተሩ አፍንጫ ይደፋል፣ የፊቱ አሞርዛተር ይጨመቃል። ተጨምቆ ያለቀ አሞርዛተር ጉድጓድ ሲመታ የሚውጥበት ቦታ የለውም። ምቱ በሙሉ ቸርኬውና ክንድህ ላይ ያርፋል። ፍሬኑን ስትለቅ አሞርዛተሩ ይዘረጋና ሥራውን ይሠራል። ከዚያ ከወንበሩ ትንሽ ብድግ በል፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ በጉልበቶችህ የነዳጅ ታንከሩን ጭመቅ፣ ክርንህን አላላ። መሪውን አጥብቀህ አትያዝ። ይወዛወዝ፤ ራሱ ይመለሳል። ሞተሩ ቀጥ ያለ ይሁን። ያዘነበለ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በሰላም ሲወጣ ብዙ አይታይም።

ለመሸሽ ቦታ ካለህ ደግሞ ሽሽ። ነገር ግን ቦታው መኖሩን አስቀድመህ ማወቅ አለብህ። ስፖኪዮ የሚታየው ጉድጓድ ሲመጣ አይደለም፤ ሁልጊዜ ነው። ከኋላህና ከጎንህ ማን እንዳለ ሳትዞር የምታውቅ ካልሆንክ መሸሽ ቁማር ነው። አሸሻሹ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ወደ ቀኝ መሄድ ከፈለግክ የቀኙን እጀታ ወደፊት ግፋ። ግፋ ነው ያልኩት። ሞተሩ ወደ ቀኝ ይዘነብልና ወደ ቀኝ ይሄዳል። የግራውም እንዲሁ። ሲሰሙት የተገላቢጦሽ ይመስላል። ነገር ግን ሞተር ከእርምጃ ፍጥነት በላይ ሲሄድ የሚታጠፈው እንዲህ ነው፤ አንተም ሳታውቀው ስታደርገው ቆይተሃል። አውቀኸው ስታደርገው ግን በችግር ሰዓት ሞተሩ በቅጽበት ይታዘዝልሃል።

አንድ ነገር ግን አትርሳ፤ እየሸሸህ ፍሬን አትያዝ። ጎማህ መሬቱን የሚነካው በመዳፍህ ስፋት ያህል ብቻ ነው። ያቺ ትንሽ ቦታ ያላትን ጉልበት ወይ ለመታጠፍ ትሰጠዋለህ ወይ ለማቆም። ሁለቱንም በኃይል በአንድ ጊዜ ስትጠይቃት ትለቅሃለች። ያንተም ሞተር የተንሸራተተው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ ቀንስ፣ ፍሬኑን ልቀቅ፣ ከዚያ ሽሽ። ወይም መጀመሪያ ሽሽ፣ ሞተሩን ቀጥ አድርግ፣ ከዚያ ፍሬን ያዝ።

የጓደኛህ ምክር ላይ ጠንከር ማለቴን ይቅር በለኝ። «የፊቱን አትንካ» የሚለው አደገኛ ምክር ነው። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ በአብዛኛው ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፤ የኋላው ይቀልላል። በደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆሙ ኃይል 70 በመቶ ገደማ የሚመጣው ከፊቱ ፍሬን ነው። የኋላውን ብቻ የሚይዝ ሰው ሞተሩ አይቆምለትም፤ የኋላ ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል። የፊቱ ፍሬን ሰው የሚገለብጠው በድንገት ጨምድደው ሲይዙት ነው። ሁለት ጣት አስቀምጥ፣ መጀመሪያ በስሱ ያዝ፣ የሞተሩ አፍንጫ ደፋ ሲል ጨምር። የኋላውን አብረህ በቀላሉ እርገጥ። የፊት ጎማ ተቆልፎ መንሸራተት ከጀመረ ወዲያው ልቀቅና እንደገና ያዝ። ሞተርህ ኤቢኤስ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል የፍሬን ሥርዓት) ካለው ይህን መልቀቅና መያዝ እሱ ይሠራልሃል፤ አንተ ሳትለቅ ያዝ። ሌላ ሞተር የመግዛት ዕድል ሲገጥምህ ከጉልበቱም ከመልኩም በፊት ኤቢኤስ እንዳለው ጠይቅ።

ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስልህ። በአሜሪካ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ሃሪ ኸርት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር አደጋዎችን በቦታው ተገኝተው መረመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወጣ። አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች በመጨረሻዋ ሰዓት ያደረጉት ነገር ያንተን ደብዳቤ ይመስላል። የኋላውን ፍሬን ከልክ በላይ ይዘው ጎማውን ያንሸራትታሉ፤ የፊቱን ይፈሩታል፤ መሪ ገፍቶ መሸሽ የሚባለውን ከእነአካቴው አያውቁትም። 92 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ መንዳት የተማሩት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነው። ጓደኛህን አትውቀሰው፤ እሱንም ያስተማረው ጓደኛው ነው።

ከዚያው ጥናት አንድ ሌላ ነገር ልንገርህ፤ ፍርሃትህን ወደ ትክክለኛው ቦታ ይወስድልህ ይሆናል። በመንገድ ብልሽት የመጣው አደጋ ከ100ው 2 ብቻ ነበር። ከ4ቱ አደጋዎች 3ቱ ገደማ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር መጋጨት ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ቅድሚያ የነሳው የመኪናው ሹፌር ነበር። እርግጥ ያ ጥሩ አስፋልት ያለበት ከተማ ነው። ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ቁጥሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጉድጓድ ስትፈልግ ከፊት ለፊትህ አቋርጦ የሚታጠፈውን መኪና እንዳትረሳው። የሚገርመው ብዙዎቹ ሹፌሮች «አላየሁትም» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ሞተር ቀጭን ነው። ቀጭን ነገር ደግሞ ከእውነተኛው ርቀቱ የራቀና ቀስ ብሎ የሚመጣ ይመስላል። ሹፌሩ ያይሃል፣ «ገና ነው» ይላል፣ ይታጠፋል።

መስቀለኛ መንገድ ስትደርስ ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርግ፣ ጣትህን ፍሬን ላይ አስቀምጥ፣ መብራትህ ቀንም ቢሆን ይብራ። የሹፌሩን ዓይን አትመን። አይቶህም ሊወጣ ይችላል። የፊት ጎማውን እይ። መኪና ከመንቀሳቀሱ በፊት ጎማው ይዞራል። በመስመርህ ውስጥ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ማለትም ይረዳል፤ ቀጥ ብሎ ከሚመጣ መብራት ይልቅ ጎን የሚለዋውጥ መብራት ቶሎ ዓይን ይገባል። ከቆሙ መኪኖች ጎን ስታልፍ ደግሞ የበር ስፋት ያህል ራቅ።

ውሃና ጠጠርም ያስበረግገኛል ብለሃል። ስለ ውሃው ልክ ነህ። ዝናብ ገና ሲጀምር ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ከሁሉ ያንሸራትታሉ። አስፋልቱ ላይ ሰንብቶ የነበረው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ተደባልቆ ላዩ ላይ ይሰፍናል። ብዙ ሲዘንብ ይታጠባል። ስለዚህ ዝናብ ሲጀምር የሆነ ጥላ ሥር ገብተህ ትንሽ ብትቆይ ከመርጠብም ከመውደቅም ትተርፋለህ። የተቀቡ መስመሮች፣ የእግረኛ ማቋረጫ ቀለም፣ የቱቦ ክዳን፣ የሥራ ቦታ ላይ የሚነጠፍ ላሜራ፣ እነዚህ ሲረጥቡ ሳሙና ናቸው። በላያቸው ስታልፍ ሞተሩ ቀጥ ይበል፤ ፍሬንም ነዳጅም አትንካ። ውሃ የቋጠረ ቦታ ደግሞ ጥልቀቱን እስካላወቅክ ድረስ ጉድጓድ ነው ብለህ አስብ። ከፊትህ መኪና ካለፈበት ጎማው ምን ያህል እንደሰመጠ እይ።

ናፍጣ ደግሞ ከውሃም ይከፋል። ታንከሩን እስከ አፉ የሞላ ከባድ መኪና ሲታጠፍ ያፈሰዋል። የሚገኘውም ለዚያ ነው፦ አደባባይ ላይ፣ ኩርባ ላይ፣ ማደያ በር ላይ። ልክ አንተ በምታዘነብልበት ቦታ። እርጥብ አስፋልት ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ካየህ እሱ ነው። ሄልሜት ውስጥም ሆነህ ይሸትሃል። ሲሸትህ የት እንዳለ ፈልግ፤ እስክታገኘው ግን ፍጥነትህን ቀንስና ሞተሩን አታዘንብል።

ጠጠርና አሸዋ የሚጠራቀሙት ጎማ በማይረግጠው ቦታ ነው፤ በመስመሩ መሐልና በጠርዙ። ከዝናብ በኋላ ከዳገቱ ታጥበው ኩርባው ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ኩርባ ውስጥ ስትገባ የምታየው ርቀት ውስጥ መቆም በምትችልበት ፍጥነት ግባ። አንዴ ጠጠሩ ላይ ከሆንክ ምንም አትንካ፤ መሪው ትንሽ ይዋኛል፣ ተወው፣ ያልፋል። ኮረኮንች መንገድ ላይ የፊቱን ፍሬን በጣም በስሱ፣ የኋላውን ትንሽ ጨመር እያደረግክ ተጠቀም። አስፋልቱ ከጎኑ ካለው አፈር ከፍ ብሎ ጠርዝ የሠራበት ቦታ ስትደርስ ከጠርዙ ጋር ትይዩ ሆነህ ለመውጣት አትሞክር። ጎማህን ይዞ ይጥልሃል። ራቅ በልና በተቻለ መጠን ቀጥ ብለህ ተሻገረው። የባቡር ሐዲድም እንደዚሁ ነው።

ውሻውን በሁለት ቃል። ከሩቅ ሲሮጥ ካየኸው ፍጥነትህን ቀንስ። ሊገናኝህ ያሰበበትን ቦታ አስልቶ ነው የሚመጣው። ሲቀርብህ ነዳጅ ስጥና እለፈው፤ ስሌቱ ይበላሽበታል። በእግርህ አትራገጥ። ከብቶች ሲሻገሩ ደግሞ ከኋላቸው እለፍ፤ አንዱ ከተሻገረ ሌላውም ይከተላል ብለህ ጠብቅ።

ይህን ሁሉ አንብበህ ብቻ አይሆንም። ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ ወይም የመኪና ማቆሚያ ፈልግ። አንድ ቁራጭ ጨርቅ መሬት ላይ ጣል። እሱ ጉድጓድህ ነው። መጀመሪያ በ20፣ ሲለምድህ በ30 እና በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየመጣህ ከጨርቁ በፊት መቆም ተለማመድ። ከዚያ እጀታ እየገፋህ መሸሽ። ከዚያ ፍሬን ለቅቀህ በላዩ ማለፍ። ስታቆም በየፍጥነቱ የት እንደቆምክ ምልክት አድርግ። ይህን አንዴ በዓይንህ ካየህ በኋላ በከተማ ውስጥ 80 መንዳት አያምርህም። ምክንያቱም ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከያዝክ በኋላ የምትጓዘው ርቀት 4 እጥፍ ነው የሚሆነው። በ40 ፍጥነት በደረቅ አስፋልት 9 ሜትር አካባቢ የሚበቃው ጎበዝ ነጂ በ80 ከ35 ሜትር በታች ማቆም ይቸግረዋል። ይህ እንግዲህ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ የሄደውን ሳይጨምር ነው።

ስለ ሄልሜት አልጠየቅከኝም። አድርገሃል ብዬ ልመን? ክንድ ላይ አንጠልጥሎ የሚነዳ ሰው ሳይ ክርኑ ምን ያህል ውድ ቢሆን ነው እላለሁ። የዓረቢያው ሎውረንስ የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ሞተር እየነዳ ነበር። መንገዱ ረባዳ ስለሆነ ፊቱ የነበሩትን ሁለት ብስክሌት የሚነዱ ልጆች አላያቸውም። ድንገት ሲያያቸው ሸሻቸው፤ ወደቀ፤ ከ6 ቀን በኋላ ሞተ። ጭንቅላቱ ላይ ምንም አልነበረም። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበሩት የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ሂው ኬርንስ ነገሩ አልወጣላቸው ብሎ የሞተረኞችን ጭንቅላት ጉዳት ማጥናት ያዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ጥናታቸውን አሳተሙ። ዛሬ ሰው ሁሉ ሄልሜት አድርግ የሚባለው ከዚያ ከተጀመረ ሥራ ነው። ኋላ ላይ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲገመገሙ ሄልሜት የሞትን አደጋ 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል። ይህ ግን የአገጩ ማሰሪያ ሲታሰር ነው። ያልታሰረ ሄልሜት ካንተ ቀድሞ ይወድቃል። አንዴ አስፋልት የመታ ሄልሜት ደግሞ ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ስለተጨመቀ ይቀየር። ጓንትም አድርግ፤ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነው።

የመጨረሻው ጥያቄህ ልሽጠው ወይ ነው። ይህን እኔ አልወስንልህም፤ ሥራህንም መንገድህንም አላውቅም። ባለቤትህን ግን «አይዞሽ፣ ምንም አልሆንም» ብለህ አታልፋት። እሷ የምትፈራው እውነት የሆነ ነገር ነው። ይልቅ ድርድር ግቡ። ለጥቂት ወራት በጨለማ አልነዳም በላት። ሲዘንብ አልነዳም። እሷንም ከኋላ አልጭንም። ሁለተኛ ሰው ሲጫን ሞተሩ ቶሎ አይቆምም፣ ጉድጓድ ሲመታም ምቱ ይከብዳል፤ አንተ ደግሞ ገና ብቻህንም ፍሬኑን አልለመድከውም። ስትለምድና ስትጭናት ለእሷም የራሷ ሄልሜት ይኑራት፤ ያንተን ትርፍ አሮጌ ሳይሆን በልኳ የተገዛ።

በእነዚህ ከተስማማችሁ ሞተሩን አቆየው። በዝናብና በማታ ሳትነዳ ሥራህ የማይሆንልህ ከሆነ ግን፣ ልምዱ እስኪመጣ ድረስ ሌላ መጓጓዣ መፈለጉ ይሻልሃል። መጀመሪያ ግን ጎማውን አስፈትሽ። ሜዳ ላይ ስትለማመድም እሷን ይዘሃት ሂድ፤ ምልክቱን እሷ ታድርግልህ።